የጳጉሜን ስድስት ዝናብ

ውድ ጋሽ ዘይኑልአቢዲን፣

ባለፈው ሐሙስ ቦሩ ሜዳ ቤትዎ መጥቼ የነገርኩዎ እውነት ነው፤ ሁሉንም ግን አልነገርኩዎትም። የቀረውን ከኮምቦልቻ እጽፍልዎታለሁ።

እንደሚያውቁት፣ ሥራዬ እርስዎ በየማለዳው ከሚለኩት ዝናብ ተነሥቶ ቦርከና ወንዝ መቼ እንደሚሞላ የሚገምት ፕሮግራም መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ ሁለት የቁጥር ዝርዝሮችን ቀን በቀን ያጋጥማል፦ የእርስዎን ዝናብና እዚህ መሣሪያ የሚመዘግበውን የወንዝ ከፍታ። ከ2014 እስከ 2016 ያሉትን ሦስት ዓመታት ሳስገባ «የዝርዝሮቹ ርዝመት እኩል አይደለም» ብሎ ቆመ። የወንዙ 1096፣ የእርስዎ 1095።

ምክንያቱን መመርመር ሲገባኝ ከረጅሙ ዝርዝር የመጨረሻዋን ቀን ቆረጥኩ። ፕሮግራሙ ሠራ፤ የ2016 ክረምት ግምት ግን ፈጽሞ ተበላሸ። ኮዱን ሳምንት ሙሉ መስመር በመስመር ፈተሽኩ፤ ስህተት አላገኘሁበትም። ያልነገርኩዎ እዚህ ላይ ነው። በሪፖርቴ ረቂቅ «የቦሩ ሜዳው ዝናብ ለኪ ቀን ይዘላሉ፤ የሃያ ሰባት ዓመት መዝገባቸው ከጥናቱ ይውጣ» ብዬ ጻፍኩ። ወደ እርስዎ የመጣሁት ሰኞ ከማስረከቤ በፊት ጥርጣሬዬን ለማረጋገጥ ነበር።

እርስዎ ግን መነጽርዎን አድርገው ዝናቡንና ወንዙን አብሬ የሣልኩበትን ግራፍ ትኩር ብለው አዩና ሳቁ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰማያዊው ወንዙ ነው አልሽኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ዝናቡ ከጣለ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ አርፎ ይሞላል? ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሰነፍ ወንዝ አይቼ አላውቅም!»

ባለቤትዎ እትዬ ጣይባ ከጓዳ ሆነው «የተማረች እያልክ የምታወራላት ይቺን ነው?» አሉዎት።

ከዚያ ደብተርዎን ገልጠው በጣትዎ አሳዩኝ። «ጳጉሜን ስድስት፣ 2015። ሃያ ሦስት ነጥብ አራት ሚሊ ሜትር። ጉንፋን ይዞኝ ፎጣ ተከናንቤ ነው የለካሁት።»

ጳጉሜን በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ቀን እንደምትሆን የማያውቅ የደሴ ልጅ የለም። እኔ ግን ደብተርዎን ወደ ኮምፒውተር የምገለብጥበትን ቅጽ ስሠራ ለሁሉም ዓመት አምስት መስመር ብቻ ሰጠኋት። ስድስተኛው ልኬትዎ ቦታ አጥቶ ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዝናብ ሁሉ ከጣለበት ቀን በአንድ ቀን ቀድሞ ተመዘገበ። እኔም ጫፉን በመቁረጤ ስህተቱን ሸፈንኩት።

አሁን ሁለቱም ዝርዝሮች 1096 ናቸው፤ ወንዙም ዝናቡን ሳይዘገይ ይከተላል። ሰኞ ያስረከብኩት ሪፖርት የመጀመሪያ ገጽ ጥፋቱ የእኔ ቅጽ እንደሆነ፣ የጥናቱም መሠረት የእርስዎ መዝገብ እንደሆነ ይናገራል። ረቂቁን አጥፍቼ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ከእኔ በቀር ያየው የለም። ነገር ግን ጥፋቴን ደብቄ ባመሰግንዎ ምስጋናው ሙሉ አይሆንም።

ለዚህ ጥፋቴ አፉ ይበሉኝ። ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ያንን ረቂቅ ይዤ እመጣለሁ፤ አንብበው በእጅዎ እንዲቀድዱት እፈልጋለሁ። ከእንግዲህ እኔ ባለሁበት ሥራ፣ እርስዎን ሳይጠይቅ አንዲት ቁጥርዎን የሚሰርዝ አይኖርም።

ባለውለታዎ፣
ወንጌላዊት ስለሺ