የአስተርጓሚው እጆች የተሸፈኑበት ፊልም

ለ‹ቆላ ብርሃን› ተንቀሳቃሽ ሲኒማ ቡድን ኃላፊ
ለተከበሩ አቶ ለይኩን
ኮኪት

የተከበሩ ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን አለ? በዚህ የሰሊጥ አጨዳ ሐሩር እርስዎም ቤተሰብዎም ደኅና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ወንድሜን ምናለን ቀብረን ተቀምጠናል፤ ከዚያ በቀር ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

መጋዘን ውስጥ በተከማቸ ሰሊጥ ላይ መርዛማ ጋዝ የሚያወጣ የተባይ ማጥፊያ ክኒን ሲደረግ ሰው እንዳይገባ የሚያስተምረውን ፊልምዎን በገበያው ሜዳ በነጭ ሸራ ስላሳዩን ምስጋናዬ የላቀ ነው። መስማት የተሳናቸውንም ሳይረሱ በሸራው ታችኛው ጥግ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ አቁመዋል። ምናለ የወቅት ሠራተኛ፣ እኛ ሳሉግ የምንለው፣ መስማትም የተሳነው ነበርና፣ አስተርጓሚ እንዳለ ሲነገረው ከሁሉ ቀድሞ ሄዶ ከፊት ተቀመጠ። ቅሬታዬን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ለጋሾችን የሚያመሰግነው ጽሑፍ ከፊልሙ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው በአስተርጓሚው ደረት ላይ ሲያልፍ ነበር። የትልልቅ እርሻ ባለቤቶች ስም ብዙ ስለሆነ ጽሑፉ ሰፍቶ እጆቹን ፈጽሞ ሸፈናቸው። እኔ ያን ጊዜ ለትምህርት ከቤት ርቄ ነበርሁ። ቅዳሜ ቤት ስመጣ ምናለ እጆቹን ከጀርባው ደብቆ፣ ቅንድቡን ከፍ ዝቅ እያደረገ አስተርጓሚውን አስመስሎ አሳየኝ፤ በጣም ሳቅን። ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቀው በምልክት «ስለ ሰሊጥ፤ አንድ ሰውዬ በር ይዘጋል» አለኝ። ይህን ያህል ስላስተማሩልን እናመሰግናለን።

፪. በፊልሙ መካከል የድምፅ ማጉያው ተበላሽቶ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሜዳ ሙሉ ሕዝብ ድምፅ የሌለው ፊልም ሲገጥመው እያፏጨ፣ «ኧረ ድምፁን! ምን እያለ ነው ሰውዬው? ደንቆሮ አደረጋችሁን እኮ!» እያለ ጮኸ አሉ። እርስዎም ወዲያው አስቁመው፣ ማጉያውን አስጠግነው፣ ሕዝቡን ይቅርታ ጠይቀው ፊልሙን ከመጀመሪያው አስጀመሩት። ቅልጥፍናዎ ያስቀናል። ጆሮ ያለው ሁሉ ያመለጠውን መልሶ ሲያገኝ፣ ምናለ የለጋሾችን ስም ሁለት ጊዜ አየ።

፫. ከዚያ በኋላ የሆነውን ያውቁታል። የሚሠራበት እርሻ መጋዘን ውስጥ ክኒን ተደረገ፤ ጠባቂውም ለሠራተኞቹ በአፉ ተናገረ። ምናለ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲከብደው እንደ ልማዱ በጓሮ በኩል ባለው የቆርቆሮ ክፍተት ገብቶ ጆንያ ላይ ጋደም አለ። ጓደኞቹ ሲያወጡት ነፍሱ አልነበረችም።

ይህን ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስነግርዎ፣ «የኔ ልጅ፣ አስተርጓሚ አላቆምንም እንዴ? አበል ከፍለን እኮ ነው ያመጣነው» አሉኝ። እውነትዎን ነው፣ አቁመዋል። ጽሑፉን ከእጆቹ ላይ እንዲያነሡልኝ ስለምንዎ ግን ለጋሾች ቅር እንደሚላቸው አስረዱኝ። የለጋሾች ቅሬታ ከወንድሜ ሞት እንደሚከብድ ባለማወቄ ለደፈርሁት ድፍረት ይቅርታ ይደረግልኝ።

ለለጋሾችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለእርስዎም ጭብጨባ የማይጓደልበት ሥራ እየተመኘሁ፣ ሐዘናችንን ለመድረስ ጊዜ ባያገኙም እንዳልተቀየምን በማክበር አስታውቃለሁ።

ትሑት ተመልካችዎ፣
ባየልኝ ፈረደ
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የምናለ ፈረደ ታናሽ ወንድም

የረሳሁት፦ ይኸው ፊልም በሚመጣው ሳምንት አብደራፊ ላይ እንደሚታይ ሰምቻለሁ። እዚያ ከምናለ ጋር ጎንደር የምልክት ቋንቋ የተማሩ፣ መስማት የተሳናቸው አጫጆች አሉ። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ በሌላ ገበያ ሲታይ ተከትዬ ሄጄ ንግግሩን ቃል በቃል አጥንቼዋለሁ። ጽሑፉ እስከዚያ ካልተነሣ፣ እኔ ሸራው ፊት ቆሜ በእጄ እነግራቸዋለሁ። የእጆቼ ጥላ በለጋሾችዎ ስም ላይ ቢያርፍ ከወዲሁ ይቅርታ።