ለቁጥር ማሟያ

ማክሰኞ፣ ጥር ፱ ቀን

አባዬ፣ እንደምን ከርመሃል?

ነገሩ የተበላሸው የሆስፒታሉ ጸሐፊ ማተሚያው ላይ ወረቀት ልትጨምር ብድግ ባለችበት ቅጽበት ነው። ለላቦራቶሪው ሥራ ተፈትኜ ሁለት ወር ሙሉ ስልካቸውን ስጠብቅ ቆይቼ አላስችል ቢለኝ ትናንት ራሴ ሄጄ ነበር። የቅጥር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ጠረጴዛዋ ላይ ተዘርግቶ ቀረ፤ ከወዲህ በኩል ቆሜ እንደተገለበጠ አነበብኩት። የላቦራቶሪ ባለሙያው የተመረጠው ኅዳር ሦስት ነው። እኔ የተፈተንኩት ኅዳር አምስት።

"ታዲያ ለምን ጠራችሁኝ?" አልኳት።

ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እህቴ፣ ደንቡ ሦስት ተፈታኝ ይላል። የተገኙት ሁለት ብቻ ነበሩ።"

ስልኬን መታጠቢያ ቤት ሳይቀር ይዤ ስገባ እማዬ "አግብተሽዋል እንዴ?" እያለች ስትስቅብኝ ነበር የከረመችው። "እንደውልልሻለን" ብለውኝ የለ!

ከጸሐፊዋ ጋር እያወራን ሳለ የሆስፒታሉ ኃላፊ፣ ጋሼ እያልኩ ያደግኩት ጓደኛህ፣ ከቢሮው ወጣ። አልደነገጠም።

"አንቺ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ለአባትሽ እኮ ያኔውኑ ነግሬዋለሁ። 'ቀስ ብዬ እኔው እነግራታለሁ' ብሎኝ ነበር።"

አባዬ፣ በየእሑዱ እየደወልክ "ታገሺ፣ ይደውላሉ" ስትለኝ ታውቅ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ያ ትንሽ የግል ክሊኒክ ሊቀጥረኝ ሲል "ትልቁ እያለ ትንሹን አትያዢ" ብለህ ስታስተወኝም ታውቅ ነበር። ለሥራ ባልደረቦችህ "ልጄ ትልቅ ሆስፒታል ገባች" ብለህ አውርተህ አፍረህ ይሆን? የአንተን እፍረት ዋጋ እኔ ልክፈል?

ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ ሄድኩ። እኔ እምቢ ባልኩት ማይክሮስኮፕ ላይ የክፍሌ ልጅ አጎንብሳለች። ቀና ብላ አይታኝ አንገቷን መለሰች። ባለቤቱ "ቦታ ሲኖር እንደውልልሻለን" አለኝ።

"መደወሉ ይቅር። አለ ወይስ የለም?"

"የለም።"

አመሰገንኩት። በሁለት ወር ውስጥ ዓይኔን እያየ "የለም" ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

እማዬ ደህና ናት። እስካሁን አልነገርኳትም፤ የምትነግራት አንተ ነህ፣ ቀስ ብለህ ሳይሆን በዚህ እሑድ። የጉልበትህን መድኃኒት እንዳታቋርጥ። ፈጣሪ ካለህበት በጤና ያቆይህ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ከእንግዲህ ግን ከቀጣሪም ሆነ ከወላጅ፣ "እንዳይከፋት" ተብሎ የተደበቀ "አይ" አልቀበልም። "ታገሺ" ብለህ ከጀመርክ ስልኩን እዘጋዋለሁ።

ልጅህ