ያልተመታው መጥፎ ሰውዬ

ማክሰኞ

አባዬ «በልጅ እጅ አልመታም» ብሎ ፊልሙን አበላሸው።

ለዚያች ለአንዲት ጥፊ ስንት ተዘጋጅተናል። የሕንጻችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ከኋላ ነጭ አንሶላ፣ ከየቤቱ የተለቀሙ የጠረጴዛ መብራቶች። ካቪን ዳይሬክተርም ጀግናም ነው። ካቪን ማለት ከታች ፎቅ ያለው ታሚል ጎረቤታችን፣ የክፍል ጓደኛዬ፣ ከሲኒማ በቀር በምንም የማያምን ፍጡር። አባዬ ደግሞ መጥፎው ሰውዬ፣ «መጤ ይውጣ» የሚል ፓርቲ መሪ። ንግግሩን ይጨርሳል፣ ካቪን በጥፊ ያጮለዋል፣ አባዬ የሳሙና ካርቶን ላይ ይወድቃል፣ አለቀ። ለወጣቶች የፊልም ውድድር ነው።

«አስመስሎ ነው እኮ አባዬ፣ እጁ አይነካህም።»

«ሲያዩት የተመታሁ አይመስልም? መሰለ ማለት ተመታሁ ማለት ነው። ሽፈራው ቢያየው ምን ይለኛል?» ሽፈራው የድሮ ጓደኛው ነው።

ወደ ካቪን ዞርኩ። እሱ ብሶ ተገኘ። «እውነት ለመናገር አንክልን (አባዬን ማለቱ ነው) መምታት እኔም ጨንቆኝ ነበር፣ እናቴ ብትሰማ ትገድለኛለች» አለ። ሁለቱ ተያዩና ተሳሳቁ። ስለዚህ ጀግናው መጥፎውን ሰውዬ ዝም ብሎ ያዳምጣል፣ እንደ ታሚሎች ሰላምታ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ እግሩን ይነካል፣ ይወጣል። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ካቪን «ጥልቅ ነው» ይላል።

አባዬን ለምን እንደመረጥን ልጻፍ። እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ለዛቫንሼ በሚባለው ሰፈራችን የምናውቀው ነጭ ሁሉ ይሄን መጫወት ያፍራል። አባዬ ግን ከዘጠና ሰባት ምርጫ በፊት አንድ ሰልፍ ላይ ንግግር ሊያደርግ ተራ ይዞ ነበር። ከእሱ ፊት ያለው ሰውዬ ሲለፈልፍ ዝናብ ጣለና ሕዝቡ ተበተነ። ከምርጫው በኋላ ተሰደደ። ስለዚያ ዝናብ በየዓመቱ እንሰማለን። ዛሬ ማይክ አገኘ። ማይኩ የመጥረጊያ እንጨት ነው፣ ግን አያያዙን ብታዩት።

በአማርኛ ነው የተናገረው፣ ከታች በፈረንሳይኛ ጽሑፍ ይገባል። የአባዬ ፈረንሳይኛ ዳቦ ለመግዛት ይበቃል፣ ሰው ከአገር ለማባረር አይበቃም።

ረቡዕ

ካቪን የንግግሩን ክፍል ብቻ ቆርጦ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ማስታወቂያ መሆኑ ነው። አባዬ አሥር ጊዜ አየው። ሲያየው አፉ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካቪን የአንዱን መጤ ጠል ፓርቲ የቅስቀሳ ወረቀት ከፖስታ ሳጥናችን አምጥቶ «ይሄን ወደ አማርኛ አዙሪው» አለኝ። ስተረጉመው ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ቀላል ሆነ። ቃል መፈለግ አላስፈለገኝም። አባዬና ጋሽ ሽፈራው ስልክ ላይ ስለ አገር ቤት ሲያወሩ ሁሉም ቃል ተዘጋጅቶ ቁጭ ብሏል። ባለቤት፣ መጤ፣ ደም፣ የአባቶቻችን። እያነሳሁ መደርደር ብቻ። ለማሽሟጠጥ ትንሽ አሳመርኩት፦

«ይህ ቤት ባለቤት አለው። በሩን ያንኳኳ ሁሉ ጓዳ አይገባም። ትናንት የመጣ ዛሬ አልጋ አይመርጥም።»

ካቪን ትርጉሙን ሲሰማ አፏጨ። የታሚል ፊልም ሕግ ነው አለ፣ ጥሩ ቃል ማለት አዳራሹ የሚያፏጭለት ነው፣ የክፉውም ቢሆን፤ ክፉው ካልጣፈጠ የጀግናው ጥፊ አይጣፍጥም።

ስለ ታሚል ፊልም የኔ አቋም (ካቪን ይሄን ካነበበ ተጣላን)፦ ይረዝማል። ጀግናው እንደኛ ጥቁር ሆኖ ልጅቷ ሁልጊዜ ወተት ናት። ስስ ልብስ አልብሰው የኛ በረዶ ላይ ያስጨፍሯታል፣ እሱ ጃኬት ለብሷል። ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅቷ ቋንቋውን አትችልም፣ አፏን ብቻ ነው የምታንቀሳቅሰው፣ ድምፁን ሌላ ሴት ናት የምትሰጣት። ያቺን ሌላዋን ሴት ማንም አያውቃትም። ይሄ ሁሉ ሆኖ ግን አለቅሳለሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ ያን በነጭ ልብስ የሚዞር ፖለቲከኛ ያጮለዋል። እዚህ አገር ማን ያጮልልኛል? የእሁድ ድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ ይመጣል፣ ጎረቤቶቻችን ሞልተው ይመልሳሉ፣ ሊፍት ውስጥ «ቦንዡር» ይሉኛል። የትኛው ምን እንደሞላ አላውቅም።

ሐሙስ

ጋሽ ሽፈራው ዙሪክ አጠገብ ካለችው ከተማው ከቪንተርቱር ደወለ። ስልኩን እንደ ማይክ ነው የሚይዘው፣ ድምፁ ከኩሽና እስከ አልጋዬ ደረሰ።

«አንተ ሰውዬ! ዙሪክ በሙሉ አንተን እያየ ነው! እንዲህ ያለ ንግግር ከየት አመጣኸው? ከስንት ጊዜ በኋላ እውነት የሚናገር ሰው ሰማን!»

አባዬ መጀመሪያ «ኧረ ፊልም ነው ሽፈራው» አለ። ሰማሁት። ዝግ ብሎ ነው ያለው። ቀጥሎ የጋሽ ሽፈራውን ውዳሴ አዳመጠ። ቀጥሎ «መቼም ያው… የሚሰማኝን ነው የተናገርኩት» አለ።

የሚሰማኝን።

ከአንሶላው በቀር ምንም አይታይም እኮ። ማጠቢያ ማሽኖቹን ካቪን ከፍሬም አውጥቷቸዋል፣ ጎበዝ ስለሆነ። አንድ ሰው ሰንደቅ ዓላማ ለጥፎበት ለሌላው ላከ፣ ያም ለሌላው። ስዊዘርላንድ ውስጥ መጤ አይግባ የሚል ንግግር ነው፣ እነሱ ስለ አገር ቤት መስሏቸው እያጨበጨቡ ነው። ሁሉም እዚህ መጤ ናቸው። ማንም አልሳቀም። እኔ ሳቅኩ፣ ከዚያ አቆምኩ።

ቅዳሜ ዙሪክ በአገራችን ሰዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ እንዲናገር ጠሩት።

እማዬ ከሥራ መጣች። አረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ሽማግሌ አንስታ ስለምታስቀምጥ ማታ ወንበር ላይ ራሷን የምታስቀምጠው ቀስ ብላ ነው። ከሥራ ባልደረባዋ ስልክ ላይ አይታዋለች።

«እኔስ የትኛዋ ነኝ?» አለችው።

እማዬ በአባቷ የሌላ ብሔር ናት። ቤታችን ውስጥ ይሄ ወሬ ሆኖ አያውቅም፣ እሷ ወጡን በቅመም ስታቃጥልበት በብሔሯ ከሚቀልድባት በቀር።

«ስለ አንቺ ማን አወራ?»

«ትናንት የመጣ አልጋ አይመርጥም ያልከው።»

«ፊልም ነው እኮ!»

«ቅዳሜስ? ቅዳሜም ፊልም ነው?»

አባዬ ስልኩን አንስቶ ኪሱ ከተተ። «እንግዲህ ካልከው፣ እንደሰማሁት እኖራለሁ» አለችና ሳህን ማጠብ ጀመረች። ንጹሑንም አጠበችው።

ዓርብ

ከትምህርት በኋላ ካቪንን ፕላንፓሌ አደባባይ አገኘሁት። ትራም ማቆሚያው ላይ የፓርቲው ፖስተር አለ፣ ነጭ አልጋ ላይ የወጣ ጭቃማ ጫማ። እንግዲህ እኔና ያ ፖስተር የምናስበው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለታችንም አልጋ አልን።

ዘዴ አንድ፦ ፊልሙን ሙሉውን ልቀቀው አልኩት፣ ሰው ፊልም መሆኑን ይይ። ለቀቀው። አስተያየቶቹ መጡ። «ፊልምም ቢሆን እውነት ነው።» «ወጣቱ እግሩ ላይ የወደቀው ንግግሩ ገብቶት ነው።» ካቪን ይሄን ሳነብለት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ብመታው ኖሮ» አለ።

ከዚያ ደግሞ እንዲህ አለኝ፦ እኛ ዘንድ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ መጀመሪያ ፊልም፣ ከዚያ ፉጨት፣ ከዚያ ተዋናዩ ፓርቲ ያቋቁማል። የካቪን አባት ራሱ ተዋናይ ፖለቲከኛ ሲሰድብ ውሎ፣ የሚወደው ተዋናይ ሲሆን ግን ስልኩ ላይ ያለውን ፎቶውን ይሳለማል።

ዘዴ ሁለት፦ ሌላ ንግግር ጻፍኩ። በደንብ ጻፍኩት፣ ያለ ቀልድ። ስለ ዝናቡ፣ ከፊቱ ስላለው ሰውዬ፣ ስለ ስደት፣ እማዬን እዚህ እንዴት እንዳገኛት። ለአባዬ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው።

«ጥሩ ነው» አለ። «ግን ያኛውን በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ይዞታል። ያስያዝነው እኛ ነን። አንድ ቃል በሳተ ቁጥር «እንደገና አባዬ» ስል የከረምኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ባቡር። አባዬ ሙሉ ልብስ፣ የሠርጉ ክራባት። ለሠርግ የሚሄድ ነው የሚመስለው፣ ያለ ሙሽራዋ። እማዬ አልመጣችም። አባዬ እስከ በርን ከተማ ድረስ መስኮቱን እያየ አፉን አንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለውም።

አዳራሹ ዙሪክ ውስጥ የተከራዩት የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ፊት ለፊት ሽማግሌዎቹ፣ ሁሉም ቀይ የስዊዘርላንድ ፓስፖርት ያላቸው፣ ሁሉም የዚህን አገር ቅዝቃዜ የሚረግሙ። ጋሽ ሽፈራው መድረኩን ይዞ ከተጋባዡ በላይ አወራ። ከኋላ ገና የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠብቁ ልጆች ቆመዋል።

እንዲረሳ ጸለይኩ። እውነቴን ነው።

አልረሳም። መጥረጊያ ሳይሆን እውነተኛ ማይክ ነበር። «ይህ ቤት ባለቤት አለው» ሲል ያስተማርኩት ቦታ ላይ ቆመ፣ ያስተማርኩትን ያህል ዝም አለ። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ አፌ አብሮት ይንቀሳቀሳል። ማቆም አቃተኝ። «አልጋ አይመርጥም» ላይ ሲደርስ አዳራሹ ተነሳ። ከሁሉ በላይ ያፏጨው ከኋላ ከቆሙት አንዱ ነው፣ አጠገቤ፣ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ። እሱ ራሱ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው የሚተኛው።

ካቪን ጻፈልኝ፦ «አፏጩ?»

«አፏጩ» አልኩት።

ስንመለስ አባዬ ቸኮሌት ገዛልኝ፣ ከእኔ ጋር እንደዚህ ስቆ አያውቅም። በጣም ደስ ይል ነበር፣ ይሄ ነው የሚያናድደው። «የቪንተርቱሮቹም ጠርተውኛል» አለኝ። «ሌላ ጻፊልኝ። እንደዚያችው የሚመታ ይሁን።»

ከቸኮሌቱ ሌላ ቁራሽ ቆርሼ አፌ ውስጥ ከተትኩ።

እሁድ

እማዬ የኔ ክፍል ውስጥ ናት። ትናንት ስንገባ ትራሷንና ጋቢዋን ይዛ ጠበቀችው። «አልጋ አልመርጥም» አለችው፣ በተራ ድምፅ፣ ዳቦ አልቋል እንደምትለው። እኔ አልጋ ላይ እሷ ምንጣፍ ላይ ተኛን። አልጋው ላይ ነይ ብላት አልወጣም አለች። እኔም ምንጣፉ ላይ ወረድኩ።

ዛሬ ሬዲዮ ድምፅ የመስጫውን ውጤት እያወራ ነው። የፖስተሩ ፓርቲ አሸነፈ። እማዬ አጠፋችውና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ቅድም አባዬ በሩን በአንድ ጣት አንኳኳ፣ በራሱ ቤት። ወጣሁ። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል። ለቪንተርቱር መስሎኝ «አልጽፍም» አልኩት።

«ለቪንተርቱር አይደለም» አለ። ድምፁን ቀነሰ። «ለእናትሽ የምላት ነገር… ሁለት ሦስት መስመር ብቻ። አንቺ ታውቂበታለሽ።»

እጄ ወደ ወረቀቱ ሊሄድ ነበር። ጥሩ መስመር ወዲያው መጣልኝ፣ እማዬ የምታለቅስበት። ካቪን የሚያፏጭበት።

«ይሄን አንተ በል» አልኩትና ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እስካሁን አልሄደም። በበሩ ስር የጫማው ጥላ ይታየኛል። እማዬም እያየችው ነው፣ ዞራለች። ምንም አይሰማም። ምናልባት አፉን እያንቀሳቀሰ ይሆናል።