ሰሚ ያጣ ጥናት

አባዬ ሆዴ፣

ከተለየኸን ፋሲካ አልፎ፣ ክረምቱም አልፎ፣ ይኸው ጥቅምት ገባ። ሙት ዓመትህ ገና ነው። ተማሪዎችህ «የኔታ» እያሉ አንቱ ሲሉህ እኔ ብቻ አባዬ፣ አንተ እያልኩህ አደግሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ልበልህ። እንዴት ነህ አልልህም። እኔ ግን ደህና አይደለሁም።

ቤታችን ቀዝቅዟል። ወግዲ፣ ደጃችን ጎጆ ቀልሰው የነበሩት ተማሪዎችህ አርባህ ከወጣ በኋላ ሌላ የኔታ ፍለጋ ተበታተኑ፤ ጎጇቸው ባዶዋን ቀርታ በክረምቱ ዝናብ ጣራዋ ሰመጠ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለውን ማሳ እማዬ ለእኩል አራሽ ሰጠችው። ጥቁሯን አላወለቀችም። እህል ሳቀርብላት ለአመል ትቀምሳለች እንጂ አትበላም።

የኔን ነገር ልንገርህ። ነገ መካነ ሰላም፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ አዲሱ ሰሚስተር ይጀምራል፤ እኔ የምገባው በማስጠንቀቂያ ነው። ያለፈው ውጤቴ ወደቀ። አሁን ከደገምኩት መባረሬ ነው፣ አለቀ።

የመጀመሪያውን ሰሚስተር ታስታውሳለህ? ቅዳሜ በሚኒባስ ቤት እገባና የእጽዋት ሳይንስ ሃንዳውቴን በቃሌ እወጣልህ ነበር። እንግሊዝኛውን አንዲት ቃል ሳታውቅ ዓይንህን ጨፍነህ ታዳምጠኛለህ። ጠዋት ካልኩት ከሰዓት ትንሽ ካዛነፍኩ ጉሮሮህን ትጠርግብኛለህ፤ ያን ጊዜ ሳቄ ይመጣል። የትናንቱ ሳይጸና አዲስ ቀለም አትሰጥም፤ ለእኔም ያው ነበርክ። እንዲያ ሆኜ ነው ያለፍኩት።

አንተ ከሄድክ በኋላ ብቻዬን ያንኑ አደረግሁ። ፈተናው ግን ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ገብስ ለምን ቢጫ እንደሚሆን በራሳችሁ አነጋገር አስረዱ ይላል። ወይ ጉድ! አባዬ፣ ይህን እኮ ካንተ ጋር ጭቃ ውስጥ ቆሜ፣ ውሃው እንዲወርድ ፈሰስ እያወጣሁ አይቼዋለሁ። የታፈነውን ሥር በእጄ ነቅዬ አሽትቼዋለሁ። ግን ቃል መለወጥ ነውር ነው ተብዬ ያደግሁ ልጅ ነኝና ያየሁትን ትቼ የሃንዳውቱን ገጽ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር ገለበጥኩት። መምህሯ ዜሮ ሰጠችኝ።

አማካሪዬም እሷው ናት። ሰሞኑን ጠርታኝ ከክፍል በፊት ቀድሜ እንዳነብ፣ ከክፍል በኋላ ሃንዳውቱን ዘግቼ የገባኝን በአማርኛም ቢሆን ለጓደኛ እንዳስረዳ፣ ያልገባኝን ለፈተና ሰሞን ሳላሳድር ወዲያው እንድጠይቃት መከረችኝ። በቃል መያዙን ግን እንድተወው ነገረችኝ። ደግ ሴት ናት፤ ደግሞም እውነቷን ነው። እኔ ግን ከቢሮዋ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ያንተን መንገድ ካልተውኩ እባረራለሁ፤ ከተውኩት ደግሞ ካንተ ምን ቀረኝ?

የዶርም ጓደኛዬ ዘሃራ የኩታበር ልጅ ናት። አብሽሪ፣ አይዞሽ እያለች አብረን እንድናጠና ለመነችኝ። አንተም የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነህ አብሽሪ ነበር የምትለን፤ ቃሉን ከሷ አፍ ስሰማው እምቢ ማለት አቃተኝ። እሺ ብያታለሁ።

እማዬም አንጀቷ አልችል ብሏት ባለፈው ቅዳሜ ያንተ መደብ ላይ ተቀምጣ ልስማሽ አለችኝ። ጀመርኩላት። መሃል ላይ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ፤ ጎሽ ልጄ አለችኝ። ደግሜ ተሳሳትኩ፤ አሁንም ጎሽ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም መቀጠል አልቻልንም።

እንግዲህ ትምህርቱን አማካሪዬ እንዳለችው አጠናዋለሁ። ከፊት እቀመጣለሁ፣ ከዘሃራ ጋር እየተጠያየቅሁ አነባለሁ፣ ሳይገባኝ አንገቴን አልነቀንቅም። አልፋለሁ ብዬ ግን አልዋሽህም። ተስፋው ከውስጤ ተሟጧል፤ የምነሳው መተኛቱም ስለሰለቸኝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቃል እገባልሃለሁ። በልጅነቴ ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ ያስያዝከኝን ውዳሴ ማርያም በየማለዳው፣ አንዲት ፊደል ሳልለውጥ፣ እወጣልሃለሁ። ይህን ማንም አይፈትነኝም፣ ውጤትም የለውም፤ ያንተ ብቻ ነው። እስክሞት አልረሳህም፣ አባዬ። ስጨርስ ግን ሁልጊዜ ጉሮሮህን ስትጠርግ ለመስማት ጆሮዬን እጥላለሁ። እንደማልሰማህ እያወቅሁም።

ልጅህ አስቴር