«ይምጡ» ሲባል ማን ይነሣ?

ሐሙስ፣ ጥር 14

አብራኝ የምትኖረው ሰናይት ዛሬ ሳቀች፤ ተመስገን! ለመሥሪያ ቤቷ የሠራችው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነገ ይፈተናል። ከወደቀ ወደ ወረቀት መዝገብ እንመለሳለን ብለዋታል። ፕሮግራሙን በሚያሠራው ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ውስጥ፣ እሷ «ክሮች» የምትላቸው፣ እንደ ተራ ጠባቂ ሰው ሥራ የሚጠብቁ ነገሮች አሉ። አንድ ጥያቄ ሲመጣ ሁሉም ይነቁና ያችኑ አንዷን ይሻማሉ፤ ፕሮግራሙም ድርቅ ይላል።

ጠዋት መታወቂያ ላሳድስ ቀበሌ ስሄድ አብራኝ መጣች። ጸሐፊዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ይምጡ!» ስትል አራት ሰው ተነሣ።

«እማማን እኮ ነው ያልኩት!» አለች ጸሐፊዋ።

«ታዲያ እኔን ብቻ መሆኑን በምን ይወቁ፣ ልጄ?» አሉ ተራቸው የደረሰው ጎረቤታችን እማማ ታድፋለች። ወደሚጋፉት ዞረው ደግሞ፣ «እናንተስ ብትነሡ፣ መስኮቱ ተይዞ እንደሁ አይታችሁ መልሶ መቀመጥ ነው እንጂ!»

ሰናይት ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ይኸው! የኔዎቹ ክሮችም ከነቁ በኋላ ሥራው መኖሩን ዳግመኛ አያዩም!» ብላ ጥላኝ ወደ ቢሮዋ በረረች።

ከሰዓት ደወለች፤ ፕሮግራሙ ሠርቷል! አለቃዋም «ነገ ሁለት ሰዓት ይምጡ» የሚል መልእክት ልከዋል። እሷን ብቻ ይሁን የሥራ ክፍሏን በሙሉ አልገባትም። እኔ እንደሁ፣ ምናልባት እኔንም ከሆነ ብዬ፣ ቀሚሴን ተኩሻለሁ።