ተራራ የወጣ የባሕር ወለል

ይድረስ ለእህቴ ለትሕትና፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ገብሱ አምሯል፣ በጎቹም ወልደዋል።

አምና ኦማን ከአሠሪዎችሽ ቤት መስኮት ያነሳሽውን የጥቁር ተራራ ፎቶ ሞላሌ ትምህርት ቤት አስተምርበታለሁ። ያ ተራራ ድሮ የባሕር ወለል ነበር። የባሕር ወለል ከባድ ነው፤ ከየብስ ጋር ሲገፋፋ ከሥር ገብቶ ይሰምጣል። ያ ቁራጭ ግን የብሱ ላይ ወጣ። ተማሪዎቼ ተከራከሩኝ፤ አሳመንኳቸው።

መውጣቱን ያላመነችኝ እማዬ ብቻ ናት። “የባሕር ወለል ላይማ ብርድ ይፈጃታል” ብላ የጥቁር በግ ጠጉር ፈትላ ባና አሠራችልሽ። የአገሩን ሙቀት ራስሽ እንዳትነግሪያት ደግሞ ስልክሽን አሁን የሚያነሳው ሰው አማርኛ አይሰማም።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የጎረቤታችን ልጅ ጠጄ ናት። ፊትሽን ሳታይ ለማንም እንዳትሰጥ ነግሬያታለሁ። አንቺም ያንን ተራራ ባየሽ ቁጥር መውጣቱን አስቢ።

ባናውን ግን አልላክነውም። እማዬ “መጥታ ትልበሰው” ብላ አልጋሽ ላይ ዘርግታዋለች፤ ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም።

የመንዝ ታቦታት ሁሉ ይጠብቁሽ።

ወንድምሽ አንዷለም