ስለ ጤና ጣቢያው መጋረጃና ስለ እህቴ ጡት

ለተከበሩ ጓድ ወዳጆ፣ የጥድ አምባ ጤና ጣቢያ ኃላፊ፤
በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆመው ለሚያነቡትም ሁሉ
ጥቅምት 1980 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ማኅተምዎ ደኅና ናችሁ ወይ? እኛስ ጤና ለሁሉም መሆኑን ከከተማችን መግቢያ በትልቁ ተጽፎ ስላነበብን ደኅና ነን ከማለት ሌላ ምርጫ የለንም። እኔ የሟቹ የመሪጌታ ገብረ አማኑኤል ልጅ ነኝ። አባቴ ያስተማሩኝ ንባብ እንዲህ ላለ ደብዳቤ እንደሚውል ቢያውቁ ኖሮ ከፊደል አያሳልፉኝም ነበር።

አስቀድሜ ምስጋናዬን ላቅርብ።

አንደኛ፣ አርባ ዓመት ያለፈን ሴቶች ሳያመንም ጭምር ጡታችንን በየጊዜው እንድናስመረምር በስብሰባ ስላስተማሩን እግዜር ይስጥልን። ወንዶቹን ከፊት፣ እኛን ከኋላ አስቀምጠው ስለ ጡት በድምፅ ማጉያ ሲናገሩ ነጠላችንን እስከ ዓይናችን ያወረድነው ትምህርቱ ሳይገባን ቀርቶ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሴትን ሴት ትመርምራት ብለው ሲስተር አመተሥላሴ በየወሩ ከዓለም ከተማ በዚያ መንገድ እየተንገላቱ እንዲመጡልን አድርገዋል፤ ይህ የእውነት ምስጋና ነው። ሆኖም የምርመራው ክፍል መስኮት ወንዶች ተራ ከሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ነው። በመስኮቱ ላይ የነበረውን የአቡጀዲ መጋረጃ ለአብዮቱ በዓል አስወርደው፣ በቀይ ቀለም «ጤና ለሁሉም» አስጽፈው ከከተማው መግቢያ አሰቀሉት። ጤናችን ከላይ ሲውለበለብ እኛ ከታች ራቁታችንን ቀረን።

ሦስተኛ፣ ሴቶቹ አልመጣ ሲሉ ድንቁርና ነው ብለው፣ የማኅበር ሱቁ ስኳር ለምርመራ ለተመዘገበች ብቻ እንዲሰጥ አዘዙ። ሴቱ ጎርፎ መጣ፤ ተመዘገበ፤ ስኳሩን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። የተመዘገበው ሁሉ ተመረመረ ተብሎ በስብሰባ ሲጨበጨብልን እኔም አብሬ አጨብጭቤያለሁ።

አራተኛውን እንደ ሌሎቹ ልጽፈው አልቻልኩም።

ከእህቶቼ አንዷ ታማለች። ብዙ ነንና የትኛዋ እንደሆነች አይጠይቁኝ። በፍልሰታ ጾም፣ በጠበሉ የድንጋይ ካብ ውስጥ ሴቶች ብቻ ሆነን ስንጠመቅ፣ ውሃ ላፈስላት ጎንበስ ስል አየሁት። የጡቷ ቆዳ ወደ ውስጥ ተስቧል፤ ከሥሩ እንደ ባቄላ ፍሬ የጠነከረ ነገር ነበረ። ዛሬ ከባቄላ አልፏል። ባለፈው ወር ለምኜ፣ ተቆጥቼ እስከ ጤና ጣቢያው በር አደረስኳት፤ መስኮቱንና ወንበሩን ስታይ ተመለሰች። እዚያ የሚቀመጡት ነገ የልጆቿ አማቶች የሚሆኑ ሰዎች ናቸው፤ በእኛ አገር ዘር ሳይጠና ጋብቻ እንደሌለ እርስዎም ሲያገቡ አይተውታል። ሞትን አትፈራም እንዳይሉኝ፤ ትፈራለች። ግን «ሞት የእኔ ነው፤ ወሬው ግን ልጆቼን ይከተላል» ትለኛለች። መጋረጃ ካለ እሄዳለሁ ብላኛለች።

ጓድ ወዳጆ፣ እህቴ እንድትሞት አልፈልግም። ይህን ሁሉ ሽሙጥ የምጽፈው እንባው ስላልጠቀመኝ ነው። የሚመጣብኝንም አውቃለሁ፤ ለመታሰር ስንቄን ቋጥሬያለሁ።

መፈክሩን አውርዱ አልልም፤ አብዮቱ ይበርደዋል። የወፍጮ ቤቱ ሴቶች ያረጁ ነጠላዎቻችንን ሰፍተን መጋረጃ አድርገን ነበር። በዕውቀቱ የሚባለው ዘበኛ ግን ያለ ኃላፊው ትእዛዝ ምስማር አልመታም ብሎ መለሰን። ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ሲስተር በኅዳር ከመምጣታቸው በፊት አንዲት ምስማር እንድትመታ እንዲያዝዙልኝ ብቻ ነው። ምስማሯንም እኔ አመጣለሁ።

ስኳሯን የተቀበለች፣ ጡቷን ያላሳየች፣ በሪፖርትዎ ላይ ግን ፍጹም ጤነኛ የሆነች ታዛዥዎ፣
አስካለ ማርያም ገብረ አማኑኤል

ማሳሰቢያ፦ ይህን ከእርስዎ እጅ በሚገባው ቅጂ ላይ ብቻ ጻፍኩት እንጂ በወፍጮ ቤቱ በር አልለጠፍኩትም። ባለፈው ወር ከእኛ ኋላ ተሰልፈው የነበሩት ባለቤትዎ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ናቸው። እሳቸውም መስኮቱን አይተው ተመለሱ። ስኳሩን ይውሰዱ ቢባሉ ግን አልወሰዱም፤ ለስኳር እንዳልመጡ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።